ሰውን የሚያጠቁ ድቡልቡል ጥገኛ ትሎች፦ ዓይነታቸው እና የሚለዩባቸው የምርመራ መንገዶች

የሆድ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ የማያባራ የቆዳ ማሳከክ እና የእግር እብጠት እርስ በርስ የማይገናኙ የጤና ችግሮች ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የሁሉም መነሻ ድቡልቡል ጥገኛ ትሎች የሚባሉ ተሕዋስያን ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ትሎች እንደየዓይነታቸው በሰው አንጀት፣ በቆዳ ሥር ወይም በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ ይኖራሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በአፈር አማካይነት በሚተላለፉት የአንጀት ትሎች ብቻ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ተይዘዋል።

በኅብረተሰቡ ዘንድ ትሎቹ «የሆድ ትል» ወይም «ወስፋት» በሚል አንድ ስም መጠራታቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን የሚተላለፉበት መንገድ፣ የሚኖሩበት የሰውነት ክፍል እና የሚታከሙበት መድኃኒት ይለያያል። የሚለዩበት መንገድም እንዲሁ አንድ አይደለም። አንዱ በሰገራ፣ ሌላው በሌሊት በሚወሰድ ደም፣ ሌላው ደግሞ ከቆዳ በሚወሰድ ቅንጣት ይታወቃል። ተስማሚው ናሙና በተገቢው ሰዓት ካልተወሰደ ትሉ በሰውነት ውስጥ እያለ ውጤቱ «አልታየም» ሊል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ለምርመራ ከመቅረባቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦችን ይዟል።

ድቡልቡል ትሎች ከሌሎች ትሎች በምን ይለያሉ?

ድቡልቡል ትል ሰውነቱ እንደ ክር ወይም እንደ ገመድ ሞላላና ድቡልቡል ሲሆን፣ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው። በዚህ ወገን ከሚመደቡት መካከል ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ ጅራፍ መሰል ትል፣ ስትሮንግሎይድስ፣ ኢንተሮቢየስ፣ ኦንኮሰርካ፣ ውቸረሪያ እና ጊኒ ዎርም ይገኙበታል።

በአንጻሩ ከጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ጠፍጣፋ ነው። ከሰገራ ጋር ወይም በራሱ ጊዜ የሚወጣው ቁራጭ ነጭ፣ ጠፍጣፋና እንደ ጥብጣብ የተቆራረጠ ሆኖ ይታያል። የቢልሃርዝያ ትልም ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ለወስፋት የሚሰጠው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል የኮሶ ትልን ለማስወገድ አስተማማኝ ባለመሆኑ፣ ለኮሶና ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል የተባለ ሌላ መድኃኒት ጥቅም ላይ ይውላል። ስለሆነም የወጣ ትል ወይም ቁራጭ ያየ ሰው በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ይዞ ወደ ጤና ተቋም ቢመጣ ባለሙያው የትሉን ዓይነት ለመለየት ይቀልለዋል።

በአፈር አማካይነት የሚተላለፉ የአንጀት ትሎች

ወስፋት (አስካሪስ)፦ በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ድቡልቡል ትሎች ትልቁ ነው። ሴቴዋ ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ልትረዝም የምትችል ሲሆን፣ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወደ አፈር ከወረደ በኋላ ወዲያውኑ በሽታ አያስተላልፍም፤ በአፈር ውስጥ ለመብሰል ጥቂት ሳምንታት ያስፈልገዋል። ከዚያም ባልታጠበ እጅ፣ አትክልት ወይም በተበከለ ውኃ ወደ አፍ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በደም አማካይነት ወደ ሳንባ ተጉዞ፣ በጉሮሮ በኩል ተመልሶ ከተዋጠ በኋላ በአንጀት ውስጥ ያድጋል። በዚህ ጉዞ ወቅት ሳልና ትንፋሽ ማጠር ሊከሰት ይችላል። እንቁላሉ ከተዋጠበት ጊዜ አንሥቶ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ፣ በዚህ ጊዜ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ሰው ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ወስፋት በማንኛውም ሰው ሆድ ውስጥ የሚኖር ተፈጥሯዊ ነገር ተደርጎ የሚታሰብበት ጊዜ አለ። በርሃብ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ግን የጨጓራና የአንጀት እንቅስቃሴ እንጂ የትል ጩኸት አይደለም። ወስፋት በሽታ ነው፤ ይመረመራል፤ ይታከማል። በብዛት ሲገኝ የሕፃናትን ዕድገት ይጎዳል፣ አንጀትንም ሊዘጋ ይችላል።

መንጠቆ ትል (ሁክዎርም)፦ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጩ በባዶ እግር የሚሄድን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የእግር ጣቶች መካከል የሚሰማ ማሳከክ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ትሉ በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደም ስለሚመጥ ዋነኛ ጉዳቱ የደም ማነስ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ሕፃናት እና የእርሻ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች በተለይ ይጎዳሉ። ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል መገርጣት የታየበት ሰው ከደም ምርመራ ጋር የሰገራ ምርመራም ሊያስፈልገው ይችላል።

ጅራፍ መሰል ትል (ትራይኩሪስ)፦ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የፊት ክፍሉ ቀጭን፣ የኋላው ወፍራም በመሆኑ ጅራፍ ይመስላል። በትልቁ አንጀት ውስጥ ይኖራል። በብዛት ሲገኝ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስከትላል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ የፊንጢጣ መውጣትን ሊያመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ የሚሰጠው የአልቤንዳዞል መጠን በዚህ ትል ላይ ያለው ውጤት ዝቅተኛ በመሆኑ፣ በምርመራ መለየቱ ሕክምናው ለተከታታይ ቀናት እንዲሰጥ ለመወሰን ይረዳል።

የሰገራ ምርመራ እንዴት ይከናወናል?

ሦስቱ ትሎች የሚለዩት በማይክሮስኮፕ በሚታየው የእንቁላላቸው ቅርጽ ነው። የወስፋት እንቁላል ወፍራምና ጎርበጥባጣ ሽፋን አለው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ሞላላ ሆኖ ሽፋኑ ስስና ብርሃን አሳላፊ ነው። የጅራፍ መሰል ትል እንቁላል ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ክዳን እንዳለው በርሜል ይታያል።

በጤና ጣቢያ በአብዛኛው የሚሠራው ቀጥታ ምርመራ ነው። ባለሙያው እጅግ ጥቂት ሰገራ በጨው ውኃ በጥብጦ በስላይድ ላይ ያያል። ዘዴው ፈጣን ቢሆንም የሚታየው ናሙና በጣም ትንሽ በመሆኑ የትሎቹ ቁጥር አነስተኛ ከሆነ ሊያመልጥ ይችላል። እንቁላሎቹን ከብዙ ሰገራ አጣርቶ አንድ ላይ የሚሰበስበው ዘዴ የማግኘት ዕድሉን ያሰፋል።

ካቶ-ካትዝ የተባለው ዘዴ በተለይ ለዳሰሳ ጥናትና ለፕሮግራም ክትትል ያገለግላል። 41.7 ሚሊ ግራም የተጣራ ሰገራ በስላይድ ላይ ይደረጋል፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው መጠን ይገኛል። በዚህ ስሌት 50,000 እና ከዚያ በላይ የወስፋት እንቁላል ወይም 4,000 እና ከዚያ በላይ የመንጠቆ ትል እንቁላል የተገኘበት ሰው ከባድ ደረጃ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በዚህ ዘዴ የመንጠቆ ትል እንቁላል ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ስላይዱ ከተዘጋጀ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መታየት ይኖርበታል።

በውጤት ወረቀት ላይ «ኦ/ፒ» ተብሎ በምህፃረ ቃል የሚጻፈው እንቁላልንና ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚመለከት ነው። «ኦ/ፒ አልታየም» የሚል ውጤት በቀረበው ናሙና ውስጥ አልተገኘም ማለት እንጂ በሰውነት ውስጥ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ምልክቱ ከቀጠለ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ እስከ ሦስት የሚደርሱ ናሙናዎችን ማስመርመር ይመከራል።

በተለመደው የሰገራ ምርመራ በቀላሉ የማይገኙ ትሎች

ስትሮንግሎይድስ፦ እንደ መንጠቆ ትል በቆዳ በኩል ይገባል። ከሌሎቹ የሚለየው በሰገራ ውስጥ የሚወጣው እንቁላሉ ሳይሆን እጩ በመሆኑ ነው። የእጮቹ ቁጥር አነስተኛና በየቀኑ የሚለዋወጥ ስለሆነ ቀጥታ ምርመራ ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም። እጮቹ ከሰገራ ወደ ሞቀ ውኃ እንዲወጡ የሚያደርገው የቤርማን ዘዴ፣ የሰገራ ካልቸር እና የደም ምርመራ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። በደም ቆጠራ ኢዮሲኖፊል የተባለው የነጭ ደም ሴል ከፍ ማለቱም ጠቋሚ ሊሆን ይችላል።

ይህ ትል በዚያው ሰው ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ምንም ሕመም ሳይሰማው ኖሮ፣ ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለሌላ በሽታ ስቴሮይድ ሲጀምር የሰውነት መከላከያ አቅሙ ይቀንሳል፤ ትሉም በፍጥነት ተባዝቶ በመላ ሰውነት ሊሰራጭና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በመሆኑም ትሉ በሚገኝበት አካባቢ ያደገ ሰው ስቴሮይድ፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል። ከአገር ከወጡ ብዙ ዓመታት ያስቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የሚታከሟቸው ሐኪሞች ይህን ትል ላያስቡት ስለሚችሉ፣ ያደጉበትን አካባቢ መግለጻቸው ተገቢ ነው። ተመራጩ መድኃኒት አይቨርሜክቲን ነው።

ኢንተሮቢየስ፦ ሴቴዋ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን ነጭ ትል ናት። ሌሊት ከአንጀት ወጥታ በፊንጢጣ ዙሪያ እንቁላሏን ስለምትጥል፣ ሕፃናት በሌሊት ይነጫነጫሉ፤ አካባቢውንም ያክካሉ። እንቁላሉ የሚጣለው ከአንጀት ውጭ በመሆኑ በሰገራ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ትሉ የሚለየው ጠዋት፣ ከመታጠብና ከመጸዳዳት በፊት፣ ግልጽ የማጣበቂያ ፕላስተር በፊንጢጣ ዙሪያ ነካ ተደርጎ በስላይድ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ቢደረግ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። ትሉ በቤተሰብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚተላለፍ፣ የቤተሰቡ አባላት በአንድ ጊዜ እንዲታከሙ ይደረጋል።

በቆዳና በደም ምርመራ የሚለዩ ትሎች

ኦንኮሰርካ፦ በፍጥነት በሚፈስሱ ወንዞች ዳር በሚራባ ጥቁር ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። በኢትዮጵያ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ይታወቃል። ከባድ ማሳከክ፣ የቆዳ መሻከር፣ የቅልጥም ቆዳ መዥጎርጎርና ከቆዳ ሥር የሚዳሰስ ጠጣር እባጭ ምልክቶቹ ናቸው፤ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል። የትሉ ጥቃቅን እጮች የሚኖሩት በቆዳ ውስጥ በመሆኑ የሰገራ ምርመራ አያሳያቸውም። ባለሙያው ከዳሌ አካባቢ ደም እስከማይወጣ ድረስ ትንሽ የቆዳ ቅንጣት ወስዶ በጨው ውኃ ያኖራል፤ ከቅንጣቱ የሚወጡትን እጮችም በማይክሮስኮፕ ያያል። አይቨርሜክቲን እጮቹን ለወራት የሚያጠፋ በመሆኑ፣ በቅርቡ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ይህንኑ ለባለሙያው መናገር አለበት። መድኃኒቱ ያደጉትን ትሎች ስለማይገድልና ትሎቹ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በጤና ባለሙያ የሚሰጠውን ዙር ሳያቋርጡ ለዓመታት መውሰድ ያስፈልጋል።

ውቸረሪያ፦ በወባ ትንኝና በሌሎች ትንኞች ንክሻ ይተላለፋል። በሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ እየኖረ የእግር፣ የእጅ፣ የጡት ወይም የወንድ የዘር ፍሬ ከረጢት እብጠት ያስከትላል። እጮቹ በደም ውስጥ በብዛት የሚታዩት በሌሊት ስለሆነ፣ ለማይክሮስኮፕ ምርመራ የሚሆነው ደም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይወሰዳል። በቀን የተወሰደ ደም ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ግን በማንኛውም ሰዓት ያገለግላል። እብጠቱ የቆየ ከሆነ በሁለቱም ምርመራዎች ምንም ላይገኝ ስለሚችል የሐኪም ግምገማ ወሳኝ ነው።

«ዝሆኔ» የሚለው ስም በኅብረተሰቡ ዘንድ ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ያገለግላል። በትል ከሚመጣው ሌላ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት መነሻው ትልም ጀርምም አይደለም። በዘር ተጋላጭነት ያላቸው ሰዎች ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለበት ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር ሲሄዱ የሚመጣ ነው። ይህ እብጠት ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከጉልበት በታች ይቀራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታማሚዎችን ማግለልም ሆነ ከትዳርና ከማኅበራዊ ኑሮ ማራቅ መሠረት የለውም። ለሁለቱም በሽታዎች እግርን በየዕለቱ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቁስልን ማከምና ጫማ ማድረግ የሕክምናው ዋና አካል ነው።

ጊኒ ዎርም፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ

ጊኒ ዎርም በኢትዮጵያ ከጋምቤላ ክልል ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ሲሆን፣ በሽታውን ለማጥፋት ብሔራዊ ፕሮግራም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በኩሬና በረግረግ ውኃ ውስጥ በሚገኙ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ወደ ሰው ይገባል። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ 1 ሜትር የሚረዝመው ሴቴ ትል፣ ብዙውን ጊዜ በእግር ላይ በሚወጣ የሚያቃጥል ውኃ መሰል እባጭ በኩል ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት በመደበኛ አገልግሎት የሚለይበት ምርመራ የለም፤ የሚገድለው መድኃኒትም ሆነ የሚከላከል ክትባት የለም። በሽታው የሚታወቀው በዓይን በሚታየው ትል ብቻ በመሆኑ የኅብረተሰቡ ጥቆማ የምርመራውን ቦታ ይተካል።

እንዲህ ያለ እባጭ የወጣበት ሰው እግሩን ወደ ኩሬ ወይም ወንዝ ማስገባት የለበትም፤ ትሉ ውኃ ሲነካው በሺህ የሚቆጠሩ እጮችን ይለቅቃል። ትሉን በኃይል መጎተትም ስለሚበጥሰውና ከባድ ቁስል ስለሚያስከትል፣ በጤና ባለሙያ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተጠቀለለ እንዲወጣ ይደረጋል። በውሻ፣ በድመት ወይም በዝንጀሮ ላይ የታየ ተመሳሳይ ትልም በ24 ሰዓት ውስጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መነገር አለበት።

ተገልጋዮች ለምርመራ ሲቀርቡ ሊያሟሉ የሚገባቸው ነጥቦች

1. የሰገራ ናሙና ከጤና ተቋሙ በሚሰጥ ንጹሕ፣ ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ መወሰድ አለበት። ሽንት፣ ውኃ ወይም አፈር ሊቀላቀልበት አይገባም።
2. ናሙናው እንደተወሰደ ሳይዘገይ ለላቦራቶሪ መድረስ ይኖርበታል፤ ቀጭን ከሆነ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል። አድሮ የመጣ ናሙና ትክክለኛ ውጤት ላይሰጥ ይችላል።
3. ለባለሙያው የኖሩበትን ወይም በቅርቡ የሄዱበትን አካባቢ፣ የሥራ ዓይነት፣ በቅርቡ የተወሰደ የትል መድኃኒት፣ እርግዝናና ሌላ ሕመም ካለ መግለጽ ያስፈልጋል።
4. የወጣ ትል ካለ በዕቃ ይዞ መቅረብ ጠቃሚ ነው።
5. ምርመራ ሳይደረግ ከመድኃኒት ቤት በግምት መድኃኒት መግዛት አይመከርም። ኮሶና እንቆቆን የመሳሰሉ ባህላዊ መድኃኒቶችም መጠናቸው በትክክል ስለማይለካ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ።

ሳይመረመሩ መድኃኒት የሚሰጥበት ሁኔታ

በትምህርት ቤትና በመንደር ደረጃ በዘመቻ የሚሰጠው መድኃኒት ከላይ ከተገለጸው ጋር አይቃረንም። በዳሰሳ ጥናት የትሎቹ ስርጭት ከፍተኛ መሆኑ በተረጋገጠባቸው አካባቢዎች እያንዳንዱን ሰው መመርመር አዳጋች በመሆኑ፣ ደኅንነቱ የተረጋገጠ መድኃኒት ለሁሉም ተጋላጮች በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ለተማሪዎች የሚሰጠው 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊ ግራም ሜቤንዳዞል ነው። አልቤንዳዞል ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ለሆኑ ሕፃናት በግማሽ መጠን ይሰጣል። ነፍሰ ጡር እናቶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት መድኃኒቱን አይወስዱም። አይቨርሜክቲን ደግሞ ለነፍሰ ጡሮች፣ ከወለዱ አንድ ሳምንት ላልሞላቸው የሚያጠቡ እናቶች፣ ቁመታቸው ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆኑ ሕፃናትና በጠና ለታመሙ ሰዎች በዘመቻ አይሰጥም። በዘመቻ መድኃኒት የወሰደ ሰው የሕመም ምልክቱ ከቀጠለ ለምርመራ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

የሆድ መነፋት ከማያቋርጥ ትውከት ጋር፣ ሰገራና አየር አለመውጣት፣ በሕፃን አፍ ወይም አፍንጫ ትል መውጣት፣ ደም የተቀላቀለበት ብዙ ተቅማጥ፣ ቆሞ መሄድ እስከሚያቅት የሚያደርስ ድካምና ትንፋሽ ማጠር፣ እንዲሁም ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ ድንገተኛ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ሲታይ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መከላከያ መንገዶች

መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከመመገብ በፊትና ከመጸዳዳት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ጫማ ማድረግ፣ ሥጋን በደንብ ማብሰል፣ የኩሬ ውኃን በጥሩ ጨርቅ አጣርቶ መጠጣትና በአጎበር መተኛት የተጠቀሱትን ትሎች ስርጭት ይቀንሳል። መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ያስወግዳል እንጂ ዳግም ከመያዝ አይከላከልም።

ለተጨማሪ መረጃ ኅብረተሰቡ በአቅራቢያው የሚገኘውን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ማነጋገር ይችላል።